ልጅ ጉሮሮውን ሲያመው፦ ከምልክቱ ወደ መፍትሄው

ጠዋት ብቻ የሚያም፣ ትኩሳት የሌለው፦ አዳማ ላይ ነፋሱና አቧራው ሲበረታ የተለመደ ነው። አፍንጫው የታፈነ ልጅ ሌሊቱን በአፉ ሲተነፍስ ጉሮሮው ይደርቃል። ውሃ ቶሎ ቶሎ ስጡት፣ ከሰሉን ከመኝታ ክፍል አውጡ (ጉሮሮው ባይታመም እንኳ ከሰሉ መውጣት አለበት)።

ንፍጥ፣ ሳል፣ የድምፅ መጎርነን ያለበት፦ አብዛኛውን ጊዜ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ አይነካውም፣ በሳምንት ገደማ ራሱ ይለቃል። ለሕመሙ ፓራሲታሞል በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም፣ በየ6 ሰዓቱ ይሰጣል። 5 ሚሊ ሊትሩ 120 ሚሊ ግራም የያዘ ሽሮፕ ከሆነ፣ 12 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። በሲሪንጅ ለኩ፤ የቤት ማንኪያ ልኩ አይታመንም። አስፕሪን ለልጅ፣ ማር ደግሞ ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም።

ድንገት የጀመረ፣ ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ያለው፣ ሳል የሌለው፦ በተለይ ከ5 እስከ 15 ዓመት ባሉ ልጆች ስትሬፕቶኮከስ የተባለ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። አፉን አስከፍታችሁ በስልክ መብራት እዩ፦ ቶንሲሉ አብጦ መግል ይዟል? ከመንጋጋው ሥር ያለው ንፍፊት ሲነካ ያመዋል? መግሉን ቫይረስም ስለሚያመጣው፣ ከፋርማሲ መድኃኒት ከመግዛት በፊት ጤና ጣቢያ ይታይ።

ባክቴሪያ ከሆነ ወይ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ይወጋል፣ ወይ አሞክሲሲሊን 10 ቀን ይወስዳል። ብዙ ቤት ሕክምናው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። 20 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ በቀን 1000 ሚሊ ግራም ታዘዘ እንበል፤ 5 ሚሊ ሊትሩ 250 ሚሊ ግራም ከሆነ በቀን 20 ሚሊ ሊትር ነው። 100 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ በ5ኛው ቀን ያልቃል፤ ያኔ ትኩሳቱም ስለጠፋ ሁለተኛውን የሚገዛ የለም። የተረፈው ባክቴሪያ ግን የቁርጥማት ትኩሳት አስከትሎ የልብ በሮችን ሊያበላሽ ይችላል። ሁለቱንም ጠርሙስ በአንዴ ግዙ፤ ሁለተኛውን የመጀመሪያው ሲያልቅ በጥብጡ፣ ከተበጠበጠ ብዙ ቀን አይቆይምና። ሕክምናው ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ከተጀመረ ልብን ለማዳን ይደርሳል።

እንጥል ማስቆረጥ ከእነዚህ አንዱንም አያድንም። መድማትና መመርቀዝ ያመጣል።

ምራቁን መዋጥ አቅቶት ለሃጩ የሚዝረበረብ፣ አፉን መክፈት ያቃተው፣ ሲተነፍስ ድምፅ የሚያሰማ፣ አንገቱ የደረቀ ልጅ ወዲያውኑ ሆስፒታል ይሂድ። ጉሮሮውን ለማየት ምላሱን በማንኪያ አትጫኑ፤ የመተንፈሻው መንገድ ሊዘጋ ይችላል። አታስተኙት፣ እንደተቀመጠ ውሰዱት።