ጥርሱ የተበላ የመኪና ሞተር የቡሎን ቀዳዳ በቤት ውስጥ እንዴት ይጠገናል?

ቡሎኑ ይዞራል፣ ይዞራል፣ ግን አይጠብቅም። ወይም ሊጠብቅ ሲል ድንገት ይለቃል። ይህ ሲሆን ቁልፉን አስቀምጦ ቡሎኑን ቀስ ብሎ ማውጣት ነው፤ «ትንሽ ልጨምርለት» ማለት የቀረውንም ጥርስ ይጨርሳል። ቡሎኑ ሲወጣ በጥርሶቹ መሃል ነጭ የሚያብረቀርቅ ክር ተጠምጥሞ ከታየ፣ ያ ከቀዳዳው የተላጠ አልሙኒየም ነው። ቡሎኑ ራሱ ምንም ላይሆን ይችላል። ለማረጋገጥ አዲስ ዳዶ በጣት ያስገቡበት፤ ሳይደናቀፍና ሳይወላወል እስከ መጨረሻው ከሄደ የተበላው ቀዳዳው ነው።

ቡሎን ብረት ነው፣ የሞተሩ አካል ግን ብዙ ጊዜ አልሙኒየም ነው፤ ሲጨናነቁ ለስላሳው ይሸነፋል። ተጣሞ የጀመረን ቡሎን በቁልፍ ማስገደድ ዋናው ምክንያት ነው። ሁለተኛው በዘይት ወይም በውሃ የተሞላ፣ ታቹ ዝግ የሆነ ቀዳዳ ላይ ቡሎን ማሰር ነው፤ ፈሳሹ መውጫ ስለሌለው ጥርሱን ቀርቶ አካሉንም ሊሰነጥቅ ይችላል።

መጀመሪያ ልኩን ማወቅ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በጃፓን መኪኖች ላይ በ10 ቁልፍ የሚፈታው ቡሎን ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ በ12 ቁልፍ የሚፈታው 8፣ በ14 ቁልፍ የሚፈታው 10 ሚሊ ሜትር ነው። መለዋወጫ ቤት ገብቶ «የ12 ቡሎን» ያለ ሰው ወፍራሙን ይዞ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ ቡሎኑን ራሱን ይዞ መሄድ ይሻላል። ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለውን ርቀት ለማወቅ 10 ጥርስ በማስመሪያ ይለኩ፦ 12.5 ሚሊ ሜትር ከሆነ ርቀቱ 1.25 ነው። ባለ 8 ሚሊ ሜትር ቡሎን በመኪና ላይ በብዛት የሚገኘው በዚህ ርቀት ነው።

ጥርሱ የተቆራረጠው አፉ ላይ ብቻ ከሆነና ቀዳዳው ጥልቅ ከሆነ፣ ከድሮው በ5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ቡሎን ነገሩን ሊጨርሰው ይችላል። ጥልቀቱን በቀጭን ሽቦ ይለኩ፤ ቡሎኑ ታች መንካት የለበትም። በቴፕ፣ በሲሊኮን ወይም በማጣበቂያ ጥርስ አይሠራም፤ ሞተሩ ሲሞቅና ሲንቀጠቀጥ ይለቃል።

ጥርሱ ሙሉ በሙሉ ካለቀ ዋነኛው መፍትሔ ሄሊኮይል የሚባለው ነው፦ እንደ ሞላ የተጠመጠመ የማይዝግ ብረት ሽቦ ሰፋ ተደርጎ በተበሳው ቀዳዳ ውስጥ ይገባና የድሮውን ቡሎን በልኩ ይቀበላል። በትክክል ከተሠራ ከመጀመሪያው የአልሙኒየም ጥርስ ይጠነክራል። ሲገዛ ለ8 በ1.25 የተዘጋጀ፣ መብሻውን፣ ጥርስ ማውጫውን (ታፑን)፣ ማስገቢያውንና 12 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሽቦዎች አብሮ የያዘ ሙሉ ስብስብ ይሁን። ተራ ባለ 8 ታፕ እዚህ አይሠራም፤ የስብስቡ ታፕ ሽቦውን ለማስተናገድ ሆን ተብሎ ሰፋ ያለ ነው። መብሻው 8.3 ወይም 8.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

አዳማ ላይ ይህን ሥራ ንፋስ በሌለበት ሰዓት ቢሠሩ ይመረጣል፤ ንፋስ አቧራውን በቀጥታ ወደተከፈተው ሞተር ይነዳዋል። በአካባቢው ያለውን ክፍት ቦታ ሁሉ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ፣ መነጽር ያድርጉ፣ ሞተሩ ይቀዝቅዝ።

መብሻው ላይ የቀዳዳውን ጥልቀት በፕላስተር ምልክት ያድርጉ። ከድሮው ጥልቀት አንድ ሚሊ እንኳ አይለፉ፤ ከጀርባው የውሃ ወይም የዘይት መስመር ሊኖር ይችላል። ጫፉን ግሪስ ቀብተው በዝቅተኛ ፍጥነት ይብሱ፤ ብናኙ ግሪሱ ላይ ይጣበቃል። ቀጥ ማለቱን ብቻዎን ማየት ይከብዳል። ሌላ ሰው ከጎን ቆሞ «ወደ ግራ አዘነበለ» ቢልዎት ትልቅ እገዛ ነው።

ቀጥሎ ታፑ። ለአልሙኒየም ነጭ ጋዝ ጥሩ ማለስለሻ ነው፤ ጥቂት ጠብታ በቂ ነው። ግማሽ ዙር ወደፊት፣ ሩብ ዙር ወደኋላ። ወደኋላ ሲመለስ «ቀጭ» የሚል ስሜት በእጅ ይሰማል፤ ብናኙ ተቆረጠ ማለት ነው። ከከበደ ያውጡ፣ ያጽዱ፣ እንደገና ይጀምሩ። እጀታው ላይ ሁለት እጅ እኩል ይጫን፤ በአንድ እጅ የተገፋ ታፕ ይሰበራል። የተሰበረ ታፕ ደግሞ ከቤት መብሻ ይልቅ ጠንካራ ስለሆነ ሥራው በቀጥታ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። ሲጨርሱ ቀዳዳውን በነጭ ጋዝ አጥበው በአየር ያንፉት፤ የብስክሌት ፓምፕም ይሠራል።

ሽቦውን ማስገቢያው ላይ ያድርጉ፣ ወደ ታች ሳይጫኑ በቀስታ ያዙሩ። ከገጹ ከሩብ እስከ ግማሽ ዙር ዝቅ ሲል ይቁሙ። ወደኋላ አይመልሱ፤ ሽቦው ተለጥጦ ይያዛል። ከታች ያለችውን ትንሽ ምላስ ቀጭን ብረት አስደግፈው በአንድ ቀላል የመዶሻ ምት ይስበሯት። ማግኔት ላይስባት ይችላል፤ ጫፉ ግሪስ የተቀባ ሽቦ ግን ያወጣታል። ቁርጥራጯ ወደ ሞተር ውስጥ ልትወድቅ በምትችልበት ቀዳዳ ላይ ይህን ሥራ ለባለሙያ ይተዉ። የካንዴላ ቀዳዳም እንዲሁ።

አሁን ቡሎኑን በጣት ያስገቡ። ቁልፍ ከመንካትዎ በፊት ቢያንስ 4 ዙር በጣት ብቻ መሄድ አለበት። የጥብቀቱን መጠን የመኪናው መመሪያ ይወስናል። አልሙኒየም ውስጥ ለሚገባ ባለ 8 ቡሎን 20 ኒውተን ሜትር ገደማ የተለመደ ነው፤ ይህም 20 ሳንቲ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ያህል መጫን ማለት ነው። ቁልፉ ላይ ቧንቧ አያስረዝሙ።

የፍሬን፣ የመሪ፣ የደህንነት ቀበቶና የቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ቡሎኖች በዚህ መንገድ ቤት ውስጥ አይጠገኑም። የጎማ ቡሎን ጥርሱ ከተበላ በአዲስ ይቀየራል፣ ዳዶውም አብሮ።

ሞተሩን አስነስተው ይሙቅ፣ የሠሩበትን ቦታ በባትሪ ይመልከቱ። ጠብታ ከሌለ ከተማ ውስጥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይንዱ፣ ሲቀዘቅዝ ደግመው ይዩት፤ ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ መውጣት ከዚያ በኋላ ነው።