«እናትህ ውጭ ሀገር ሄዳለች» እና ሌሎች ለቅሶ ቤት የምንሠራቸው ስህተቶች

ሰው ሲሞት እድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ንፍሮው ይቀቀላል፣ ጎረቤት ለሣልስቱ ይሰበሰባል። ለአዋቂው አጽናኝ ሞልቷል። ልጁስ? ጎረቤት ቤት ካርቱን ከፍተውለታል።

ትልቁ ስህተት «ውጭ ሀገር ሄዳለች» የሚለው ውሸት ነው። እኔም አንዴ ለስድስት ዓመት ልጅ ብዬዋለሁ። በማግስቱ «ታዲያ ለምን አትደውልም?» አለኝ። ምን ልበለው? እንዲህ ያለ ልጅ እውነቱን ከሰፈር ልጆች ይሰማል፤ ከዚያ በኋላ እኛንም አያምነን። «ተኝታለች» ማለትም አይሻልም፤ መተኛት የሚፈራ ልጅ አለ። ይከብዳል፣ ግን «ሞታለች፤ ሰውነቷ መሥራት አቁሟል፤ ተመልሳ አትመጣም» በሉት። ትንንሽ ልጆች ሞት የማይመለስ መሆኑ ቶሎ አይገባቸውም። ነገም «መቼ ነው የምትመጣው?» ካለ ሳትሰለቹ ድገሙለት። ጥፋቱ የእሱ አለመሆኑንም ንገሩት። «ስላስቸገርኳት ነው የሞተችው» የሚለውን በሆዱ ይዞ የሚዞር ልጅ አለና።

ከቀብር በግድ ማስቀረትም በግድ መውሰድም ልክ አይደለም። ሰው እንደሚጮህ፣ ደረቱን እንደሚመታ አስቀድማችሁ ንገሩትና እሱን ጠይቁት። ከሄደ እጁን የሚይዝ አንድ ሰው ይመደብለት።

አባቱ የሞተበትን ልጅ ደግሞ «አይዞህ፣ ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ» እንለዋለን። ኧረ ዘጠኝ ዓመቱ ነው!

ኳስ ሲያባርር አይታችሁ «ረስቶታል» አትበሉ። ልጅ የሚያዝነው ቆራርጦ ነው። ቀን ይስቃል፣ ማታ ሆዴን አመመኝ ይላል፣ ትቶት የነበረው አልጋ ላይ መሽናት ይመለሳል። አርባው ካለፈ በኋላም ሐዘኑ በልደቱ ቀን ወይም ትምህርት ሲከፈት ሊያገረሽ ይችላል። አስተማሪው ይወቅ።

ባለሙያ ጋ መሄድን እንደ እብደት የሚያይ ቤተሰብ አሁንም አለ። ልጁ ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣ ወይም ትምህርት ቤት እምቢ ካለ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክሩ። «እኔም ሞቼ እሷ ጋ ልሂድ» ካለ ግን ዛሬውኑ ውሰዱት፤ ብቻውንም አትተዉት።

ሌላው ስህተት ልጁን ብቻ አሳክሞ የቀረውን ወላጅ መተው ነው። አሜሪካ፣ ፖርትላንድ ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1982 የተመሠረተው ዱጊ ሴንተር የተባለው የሐዘንተኛ ልጆች ማዕከል ይህን ቀድሞ አስቦበታል። ወላጅ ወይም ወንድም እህት የሞተባቸው ልጆች ከእኩዮቻቸው ጋር ተቀምጠው ይጫወታሉ፣ ይስላሉ፣ ከፈለጉም ያወራሉ። አሳዳጊዎቻቸው ደግሞ በዚያው ሰዓት ሌላ ክፍል ይገናኛሉ። የልጆች እድር በሉት። የእኛዎቹ እድሮች ድንኳኑም ወንበሩም አላቸው።