ጠዋት የሚሮጥ፣ ቀትር ላይ ቀጥ የሚል ሮቦት፦ ችግርና መፍትሄ

ቅዳሜ ጠዋት ድሬዳዋ ከዚራ፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ከሰፈር ልጆች ጋር በፀሐይ የሚሄዱ ትንንሽ ሮቦቶች እንሠራለን። ሰርኪዩቱ የሁላችንም አንድ ነው። የፀሐይ ፓኔሉ ካፓሲተሩን፣ ማለትም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመውን ዕቃ፣ ይሞላል። ቮልቴጁ ሲበቃ ብልጭ ድርግም የምትለው ትንሽ መብራት (ኤልኢዲ) እንደ ማብሪያ ማጥፊያ የሚሠሩትን ትራንዚስተሮች ትቀሰቅሳለች፣ ሞተሩ ለአፍታ ይዞራል፣ ከዚያ እንደገና መሙላት። ካፓሲተሩ 4700 ማይክሮፋራድ፣ ትራንዚስተሮቹ 2ኤን3904 እና 2ኤን3906 ናቸው። ብየዳውንና ፖዘቲቭ ኔጌቲቩን አይታችኋል ብዬ ልጀምር።

ጭራሽ አልነሳም ካለ፦ ኤልኢዲዋ ተራ ሆና ይሆናል። ሱቅ ውስጥ ከብልጭ ድርግሟ ጋር ተቀላቅላ ነው የምትገኘው። በሁለት ባትሪ ድንጋይና በ100 ኦም ሬዚስተር ሞክሯት።

ወደ ኋላ ከሄደ፦ የሞተሩን ሁለት ሽቦ አቀያይሩ።

ጠዋት ሄዶ ቀትር ላይ ከቆመ፦ ድሬዳዋ ውስጥ ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ናቸው። አንድ ልጅ ሐረር ላይ የሠራውን ሮቦት ይዞልኝ መጣ። እዚያ ሁለት ሳምንት ያለችግር ሄዷል። የደንገጎን ዳገት ወርዶ ድሬ ሲገባ ግን 6 ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ልጁ ሁለቱንም ትራንዚስተር ቀየረ። ካፓሲተሩንም ቀየረ። በመጨረሻ ሰሌዳው በብየዳ ብዛት ጠቁሮ፣ የመዳብ መስመሩ ተላጦ ነው እጄ የገባው። አቦ፣ ሳትለኩ አትቀይሩ! ስንት ደህና ዕቃ በዚህ ሲበላሽ አይቻለሁ።

ቴስተሬን ካፓሲተሩ ላይ አደረግኩ። 2.5 ቮልት ላይ ቆሟል፣ ንቅንቅ አይልም። የኛ ኤልኢዲዎች ደግሞ የሚቀሰቅሱት 2.7 አካባቢ ነው። የፓኔሉን ጀርባ ስነካው ጣቴን አቃጠለኝ። ጨርቅ አርጥቤ ጀርባው ላይ ለጠፍኩ። ቁጥሩ 2.6 አለ፣ 2.7 አለ፣ ከዚያ ሞተሩ ጢው! ልጁ ጮኸ።

ነገሩ ሙቀት ነው። ፓኔሉ ላይ የተጻፈው ቮልት 25 ዲግሪ ላይ የተለካ ነው። ከዚያ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ሲሊከን ከ0.3 እስከ 0.4 በመቶ ገደማ ቮልቴጅ ይጥላል። የጋለ ሲሚንቶ ላይ የዋለ ፓኔል 65 ዲግሪ ቢደርስ 3 ቮልት የነበረው ወደ 2.6 ይወርዳል። ሐረር ከፍታ ላይ ናት፣ ነፋሻ ናት፤ እዚያ የሠራው እዚህ ላይሠራ ይችላል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ፓኔሉን የሮቦቱ ገላ ላይ አትለጥፉት። የእርሳስ ውፍረት ያህል ከፍ አድርጉት፣ ከሥሩ አየር ይለፍ። ያ ካልበቃ ከአትክልት መብራት የሚወጡትን ባለ 2 ቮልት ፓኔሎች ሁለት በተከታታይ አያይዙ። ካፓሲተሩ 6.3 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበት ይሁን። ገልብጣችሁ ከገጠማችሁት ሊፈነዳ ይችላል፤ ልጆች መጀመሪያ ሲያበሩ ፊታቸውን አያስጠጉ።

ቀትር ላይ ቆሞ «እእእ» የሚል ከሆነ ግን ሌላ በሽታ ነው። ቴስተሩ 1 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ፀሐዩ በርትቶ ፓኔሉ ብዙ ከረንት ስለሚሰጥ ትራንዚስተሮቹ አንዴ ከተከፈቱ አይዘጉም፣ ካፓሲተሩም መሙላት አይችልም። በመዳፋችሁ ፓኔሉን ሸፍኑት። ድምፁ ይጠፋል። ስትገልጡት አንዴ ዘለል ብሎ ተመልሶ ይታሰራል። እንዲህ ካደረገ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የሞተሩ ነው። ከርካሽ መጫወቻ መኪና የወጣ ሞተር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ከረንት ይጠጣል እንጂ አይዞርም። በቴስተር ለኩት። 2 ወይም 3 ኦም ካሳየ ተዉት። 10 ኦምና ከዚያ በላይ ያለው ነው ጥሩው። እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ፣ አሮጌ ቴፕና ሲዲ ማጫወቻ ፈልጋችሁ ሞተሩን አውጡ። ደህና ሞተር ገብቶም ከታሰረ አነስ ያለ ፓኔል ሞክሩ፣ ወይም ኤልኢዲዋን 1381 በሚባለው፣ ቮልቴጁ ሲበቃ በሚቀሰቅሰው ቺፕ ተኩ።

ፓኔል በትኩስ ሙጫ አታጣብቁ። ደግሜ ልበል፣ በትኩስ ሙጫ አታጣብቁ። አንዲት ልጅ ሮቦቷን ባጃጅ መስታወት ሥር ትታው ስትመለስ ሙጫው ለስልሶ ፓኔሉ ተንሸራቷል፣ ሽቦውንም ከሥሩ ነቅሎታል። የሦስት ሳምንት ሥራ ነበር። ሁለቱን ቀላቅለው የሚቀቡትን ኢፖክሲ ተጠቀሙ፣ ሽቦውንም ትንሽ ላላ አድርጉት።

የደቻቱ ወንዝ አቧራ ፓኔሉን ካለበሰው በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ደረቅ ጨርቅ ፊቱን ይቧጭራል።

ፈተናውን ጠዋት ጥላ ሥር አድርጋችሁ «ሠራ» አትበሉኝ። ከ6 እስከ 8 ሰዓት ባለው ፀሐይ፣ ሲሚንቶ ላይ፣ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። የሐረሩ ልጅ ሮቦት ፓኔሉ ከፍ ካለ ወዲህ በዚያ ሰዓት ግቢዬን ከግንብ እስከ ግንብ ያቋርጣል።