አሜሪካ አዲስ ለገባችሁ፦ ድንገት ራስን መሳትና ከቆዳ ሥር የሚቀመጠው የልብ ምት መቅጃ

ሥራ ላይ ወይም ቅዳሴ ቆማችሁ ድንገት ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ «ጾም ነው፣ ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ የውኃ ማነስ ወይም የደም ግፊት መውረድ ነው። አንዳንዴ ግን ልብ ለጥቂት ሰከንዶች መምታት አቁማ ወይም ከልክ በላይ ፈጥና ሊሆን ይችላል፤ ይህ ለሕይወት ያሰጋል። 911 ደውሉ። የጤና መድን ባይኖራችሁም በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሳይመረምር እንዳይመልሳችሁ ያስገድደዋል።

ችግሩ፣ ሆስፒታል እስክትደርሱ ልባችሁ ምቷን አስተካክላ ትቆያለች። ኢሲጂ፣ ማለትም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ የሚያሳየው የዚያችን ቅጽበት ብቻ ነው። ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ደረት ላይ የሚለጠፈው ሆልተር የተባለው የልብ ምት መቅጃም በዓመት አንዴ ወይም ሁለቴ ለሚወድቅ ሰው እምብዛም አይጠቅምም። የልብ ሐኪም ከቆዳ ሥር የሚቀመጠውን መቅጃ የሚያዝዘው ለዚህ ነው። ሜድትሮኒክ የተባለው ኩባንያ የሚሠራው ሊንክ፣ ለምሳሌ፣ ርዝመቱ 45 ሚሊ ሜትር፣ ስፋቱ ከ7 እስከ 8፣ ውፍረቱ 4 ገደማ ነው። ቦታውን አደንዝዘው በግራ ደረት ላይ ከአንድ ሴንቲ ሜትር ባነሰ ቀዳዳ ያስገቡታል፤ ወደ ልብ የሚገባ ሽቦ የለውም። እንደ ዓይነቱ ለሦስት ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል።

መሣሪያው ይመዘግባል እንጂ አያክምም። ሆስፒታል ውስጥ ሌት ተቀን ስክሪኑን እያየ የሚጠብቃችሁ ሰው አለ ብላችሁም አታስቡ። ስለዚህ ስትነቁ የተሰጣችሁን መጫኛ ወይም የስልክ መተግበሪያ ተጫኑ፤ ቤተሰብም አጠቃቀሙን ይወቅ። አልጋ አጠገብ የሚቀመጥ ማስተላለፊያ ከተሰጣችሁ ከሶኬት አትንቀሉት፤ መረጃውን የሚልከው በአብዛኛው ሌሊት ተኝታችሁ ሳለ ነው። ቁስሉ እስኪድን ጸበል መጠመቁን አቆዩት።

በቀጠሮው ቀን ስትወድቁ ያየ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ፊታችሁ ገርጥቶ ነበር? ሰውነታችሁ ተንቀጠቀጠ? ስንት ደቂቃ ቆያችሁ? ልባቸው ቆሞ የወደቁ ሰዎችም ስለሚንቀጠቀጡ አንዳንዴ በስህተት የሚጥል በሽታ አለባቸው ይባላል። የአማርኛ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አላችሁ፤ ቀጠሮ ስትይዙ ጠይቁ። ልጃችሁን አታስተርጉሙ፤ ሕፃን ይህን ሸክም መሸከም የለበትም፣ እናንተም በልጅ ፊት የማትናገሩት ነገር ይኖራችኋል። የምትጾሙ ከሆነና የአገር ቤት መድኃኒት ከወሰዳችሁም ሳትደብቁ ንገሩ።

በታክሲ ወይም በጭነት መኪና የምትተዳደሩ ወገኖች መውደቃችሁን የምትደብቁት እንጀራችሁ እንዳይቋረጥ ብላችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ነገር ግን መሪ ይዞ ራስን መሳት ተሳፋሪንም መንገደኛንም ይገድላል። ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሐኪሙ ራስን የሚያስት ሕመምን ለመንግሥት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መቼ ወደ መሪ እንደምትመለሱ ሐኪሙን ጠይቃችሁ ለአሠሪያችሁ የሚሆን ደብዳቤ አስጽፉ።

መሣሪያው ከመግባቱ በፊት መድን ድርጅቱ ወጪውን አስቀድሞ መፍቀዱን አረጋግጡ። መድን ከሌላችሁ ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች የክፍያ እርዳታ ደንብ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ ማመልከቻውን ከሂሳብ ክፍል ውሰዱ።