ወርሃዊ ሳይከፍሉ ቲቪ መቅዳት፦ የትኛውን ሪሲቨር ልግዛ ለምትሉ

እኛ ሰፈር ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው፣ ከመሀል ከተማ ታክሲ ተሰልፌ ቤት እስክገባ የሁለት ሰዓቱ ዜና አልቆ ድራማውም ተጋምሷል፣ እናቴ ደሞ ለቅሶ ቤት ያመሸች ቀን ጎረቤት አንኳኩታ "ያቺ ልጅ በመጨረሻ ምን ሆነች?" ማለቷ አይቀርም። ስለዚ ሚቀዳ ነገር እንግዛ አልን። በየወሩ ሚከፈልበት ግን አንፈልግም፣ ክፍያው የተቋረጠ ለት መቅጃውም አብሮ ሚቆም ከሆነ ምን ዋጋ አለው።

ደግነቱ ኢትዮሳት ላይ፣ 57 ዲግሪ ምስራቅ ያለው ሳተላይት ማለቴ ነው፣ የኛ ቻናሎች በነፃ ነው ሚታዩት፣ ተራ የዲሽ ሪሲቨር መቅዳት ከቻለ ሌላ ምንም አይከፈልም። ችግሩ "መቅዳት ከቻለ" ሚለው ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ፒቪአር (ይቀዳል ለማለት ነው) ተብሎ ስለተጻፈ ብቻ እንዳትገዙ። የኔ የመጀመሪያው ዩኤስቢ ነበረው፣ ሪሞቱ ላይ ቀይ የመቅጃ ቁልፍ ነበረው፣ ቀዳውም፣ ግን መልሼ ስከፍተው ምስሉ በየሁለት ሰከንዱ እየተቆራረጠ ድምፁ ጥሎት ይሄዳል። ባለሱቁ ጋ ስመለስ "ፍላሽህ ነው" አለኝ፣ ሚያናድደው ደሞ ልክ ነበር።

ርካሽ ፍላሽ ሲጽፍ ይንቀራፈፋል። ከዛ ሚብሰው ግን የውሸቱ ነው፣ ላፕቶፕ ላይ 64 ጊጋ ብሎ ያሳያችኋል ውስጡ ግን 8 ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እሷ ከሞላች በኋላ ምትጽፉበት ሁሉ ይበላሻል። መሞከሪያው ቀላል ነው፣ ፊልም ምናምን ጭናችሁ እስከ አፉ ሙሉትና መጨረሻ የገቡትን ክፈቱ። መጠኑን በተመለከተ አንድ ሰዓት በተራ ጥራት 1 ጊጋ አካባቢ ይይዛል፣ ኤችዲ ከሆነ 2 ወይም 3። እዚህ ጋ ፋት 32 በሚባለው አይነት የተፎረመተ ፍላሽ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ በላይ አይቀበልም፣ ስለዚ የኤችዲ ኳስ ጨዋታ ምትቀዱ ከሆነ ወይ ሪሲቨሩ እየቆራረጠ ሚያስቀምጥ ይሁን ወይ ኤንቲኤፍኤስ በሚባለው አይነት በተፎረመተ ፍላሽ ላይ ሚቀዳ፣ አለበለዚያ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ቀጥ ይላል። ትልቅ ነው ብላችሁ የላፕቶፕ ሃርድ ዲስክ አትሰኩበት፣ የሪሲቨር ዩኤስቢ አብዛኛው 500 ሚሊ አምፒር ነው ሚሰጠው፣ ዲስኩ ሲነሳ ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ ጠቅ ጠቅ ጠቅ ሲል ከሰማችሁ በቃ ኃይል አንሶታል ማለት ነው። የራሱ አዳፕተር ያለው ካልሆነ ፍላሽ ይሻላል።

ስለዚ የራሳችሁን ፍላሽ ይዛችሁ ሱቅ ሂዱ፣ ዲሽ የተገጠመለት ሱቅ ይሁን፣ እዛው አምስት ደቂቃ አስቀዱት። ከዛ እየቀዳ እያለ ሶኬቱን ንቀሉት። ባለሱቁ ይቆጣል፣ ይቆጣ፣ እኛ ቤት መብራት ሲሄድ ማንም አያስፈቅደኝም። ሲመለስ ሁለት ነገር እዩ፣ እስከዛ የተቀዳው ይከፈታል ወይ፣ ሪሲቨሩስ ራሱ ይነሳል ወይስ ሪሞት ይጠብቃል? አንዳንዱ ፋይሉን ሳይዘጋ መብራት ከሄደበት የአንድ ሰዓት ስራ ጠቅላላ አይከፈትም። የተቀዳውን ላፕቶፕ ላይም ሞክሩት፣ ከራሱ ሳጥን ውጪ ማይከፈት ሚያደርጉ አሉ፣ ሪሲቨሩ የተቃጠለ ለት ቀረጻውም አብሮ ይቀበራል።

ይሄ መብራት ነገር ለኛ ዋናው ስለሆነ ከሁለት ተመሳሳይ ሪሲቨር አዳፕተሩ ውጪ የሆነውን፣ 12 ቮልት ሚለውን ውሰዱ። ለምን፣ ለዋይፋይ ሚሸጡት ትንንሽ ባትሪዎች (ሚኒ ዩፒኤስ ሚሏቸው) 12 ቮልት ስለሚሰጡ እሱንም ያስነሱታል፣ አዳፕተሩ ላይ የተጻፈውን አምፒር ባትሪው መቻሉን ብቻ አይታችሁ። ለመቅዳት ቲቪው መከፈቱ ግድ አይደለም፣ ዲሹ ላይ ያለው ኤልኤንቢ (ሲግናል ሚቀበለው ጭንቅላት) ደሞ ኃይል ሚያገኘው በኬብሉ ከሪሲቨሩ ነው፣ ስለዚ ሰፈሩ ጨልሞ እሱ ይቀዳል። እኔ ለዚች ብዬ ነው ሁለተኛውን የገዛሁት።

አንዱን እየቀዳ ሌላ ቻናል ማየትስ? ባለ አንድ ቲዩነር (ቻናል መያዣ) ከሆነ እዛው ፍሪኩዌንሲ ላይ ያሉትን ብቻ ነው ሚያሳያችሁ፣ ወደሌላ ልቀይር ስትሉ "ቀረጻው ይቁም?" ይላል። ባለ ሁለት ቲዩነር አለ፣ ግን ባለ ሁለት አፍ ኤልኤንቢና ሁለተኛ ኬብል ይፈልጋል፣ ከጣራ ሶስተኛ ፎቅ ድረስ ኬብል ያስወረደ ሰው ያውቀዋል፣ እኔ ትቼዋለሁ። "የአንድ ዓመት ሰርቨር አለው" ብለው ሚያስወድዱባችሁንም ተዉት፣ የሰው ቻናል በስርቆት መክፈት ነው፣ ዓመቱ ሲያልቅም መልሳችሁ ልትከፍሉ ነው።

በመጨረሻ ሰዓቱ። ታይመሩ በፈረንጅ ነው ሚቆጥረው፣ ሰዓት ክልሉን ጂኤምቲ ሲደመር 3 አድርጉት። እኔ የመጀመሪያ ቀን የሁለት ሰዓት ዜና ብዬ 02:00 ሞልቼ ሌሊት በስምንት ሰዓት ተነስቶ ሌላ ፕሮግራም ሲቀዳ አደረ። የማታ ሁለት 20:00 ነው። ፕሮግራም በሰዓቱ ስለማይጀምር ከፊት 5 ከኋላ 15 ደቂቃ ጨምሩበት፣ ስትወጡም በሪሞት አጥፉት እንጂ ከሶኬት አትንቀሉት፣ ካልሆነ ታይመሩ አይነሳም። እናቴ ሪሞቱ ጀርባ ላይ በፕላስተር "ዜና 20፣ እንዳይነቀል" ብላ ለጥፋለች።