ፓይተን እምቢ ሲል፦ «ፎርማት አስደርገው» ከማለታችሁ በፊት

አራት ኪሎ አካባቢ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ለጀማሪዎች ፓይተን የሚባለውን የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ አስተምራለሁ። የመጀመሪያው ቀን ኮድ የምንጽፍበት አይደለም፤ ከላፕቶፕ ጋር የምንታገልበት ነው። አንዱ ኤረር ሲመጣበት አጠገቡ ያለው ወዲያው «ፎርማት አስደርገው» (ሁሉን አጥፍተህ ዊንዶውስን እንደ አዲስ አስጭን) ይለዋል። እስካሁን ግን ለፓይተን ተብሎ ፎርማት ያስፈለገው ላፕቶፕ አልገጠመኝም።

በብዛት የሚያጋጥመው ይሄ ነው፦ ፓይተንን ጭናችኋል፣ ኮማንድ ፕሮምፕቱ (ትእዛዝ የሚጻፍበት ጥቁር መስኮት) ግን «አላውቀውም» ይላል። ፓይተን የት እንዳለ ለዊንዶውስ ስላልተነገረው ነው። ስትጭኑ መጀመሪያው ገጽ ታች ላይ «ፓዝ» የሚል ቃል ያለባት ትንሽ ሳጥን ነበረች፤ ሳትነኳት አለፋችኋት። የመጫኛውን ፋይል እንደገና ክፈቱና «ሞዲፋይ» በሉት። «ኔክስት» ስትሉ በሚመጣው «አድቫንስድ» ገጽ ላይ «ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብልስ» የምትለዋን ምልክት አድርጉ። ኮማንድ ፕሮምፕቱንም ዘግታችሁ ክፈቱት፤ ቀድሞ የተከፈተው መስኮት ለውጡን አያይም። ከቸኮላችሁ በፓይተን ፋንታ የስሙን የመጀመሪያ ሁለት የእንግሊዝኛ ፊደላት (py) ብቻ ጻፉ፤ ብዙ ጊዜ ይሠራል።

አሁን ወደምወደው ችግር። ፒፕ (ለፓይተን ተጨማሪ የሚያወርደው ፕሮግራም) ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች የጻፉትን ዝግጁ ኮድ፣ ማውረድ እምቢ ይላል። ኤረሩ ስለ ኤስኤስኤል ሰርተፊኬት (የድረ ገጹን ማንነት ስለሚያረጋግጠው መታወቂያ) ያወራል። ብራውዘሩም ያኮርፋል። ሰው ሁሉ ኔትወርኩን ይራገማል። እናንተ ግን መጀመሪያ ከታች በቀኝ ጥግ ያለውን ቀን እዩ። የአንድ ተማሪዬ ላፕቶፕ 2017 ይል ነበር። ልጁ አልተሳሳተም፣ በእኛ አቆጣጠር ያኔ ልክ ነበር! ላፕቶፑ ግን በፈረንጅ ነው የሚቆጥረው። የድረ ገጽ ሰርተፊኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ለቀረ ላፕቶፕ የዛሬው ሰርተፊኬት ገና ጊዜው አልደረሰም። ዓመቱን በፈረንጅ አስተካክሉት። ሰዓቱንም እንደዚያው፤ የጠዋቱ ሦስት ሰዓት እዚያ 9:00 ነው። የሰዓት ክልል ስትመርጡ አዲስ አበባን ፈልጋችሁ አትድከሙ፣ ናይሮቢን ምረጡ። ላፕቶፑ በጠፋ ቁጥር ቀኑ የሚመለስ ከሆነ ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ትንሽ ባትሪ አልቃለችና ትቀየር።

ቀኑ ልክ ሆኖ «ታይም አውት» ካለ፣ ያኔ ኔትወርኩን መራገም ይቻላል። ፒፕ መልስ የሚጠብቀው 15 ሰከንድ ነው፤ ወደ 100 ከፍ አድርጉለት። እኛ ክፍል ግን አንድ ሰው በ«ፒፕ ዳውንሎድ» ያወርድና በፍላሽ እንካፈላለን። የሁሉም ዊንዶውስና የፓይተን ቨርዥን ግን አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ ዳታም ይተርፋል።

ሌላው ከቴሌግራም ወይም ከዎርድ ኮፒ የተደረገ ኮድ ነው። ለዓይን ምንም አይልም፣ ፓይተን ግን «ኢንቫሊድ ካራክተር» ይላል። ጥፋተኛው የተጠማዘዘው ጥቅስ ምልክት ነው። በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈ ሁለት ነጥብም እንዲሁ ያደርጋል፤ የእኛው ፡ እና የእንግሊዝኛው : ለፓይተን ባዕድ ለባዕድ ናቸው። ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ ምልክቷን ብቻ ድጋሚ ጻፏት። በነገራችን ላይ ፓይተን አማርኛ አይጠላም። በ2008 ከወጣው 3.0 ጀምሮ «ዋጋ = 50» ብትሉት ይቀበላል። «ዋጋ = ፶» ካላችሁት ግን ያኮርፋል።

አማርኛው በጥቁሩ መስኮት ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ከወጣ ኮዳችሁ ደህና ነው፣ ፎንቱ ነው። ቪኤስ ኮድ በሚባለው የኮድ መጻፊያ ፕሮግራም አሂዱት።

በኤሊ ሥዕል፣ ማለትም ኤሊ እያስኬደ በሚስለው የፓይተን «ተርትል»፣ የሚጀምሩ ደግሞ ፋይላቸውንም «ተርትል» ብለው ያስቀምጣሉ። ከዚያ ፓይተን እውነተኛውን ተርትል ትቶ የእነሱን ፋይል ያነሳና ይምታታበታል። የፋይሉን ስም መቀየር ይበቃል።

ያገለገለ ላፕቶፕ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 7 ሆኖ ከተገኘ፣ አዲሶቹ ፓይተኖች አይጫኑም። ያኔ «ፎርማት» ባዩ ጎረቤት አንገቱን ቀና ያደርጋል። እሱን ተዉትና 3.8ን ጫኑ፤ ዊንዶውስ 7 ላይ የሚሄደው የመጨረሻው እሱ ነው። ድጋፉ በ2024 ቢያበቃም ኤሊዋን ለማስኬድ አያንስም።