ልጆቻችን ሃይስኩል ሲገቡ የምንሠራቸው ስህተቶች

የመጀመሪያው ነገሩን ጨርሶ መተው ነው። "አሁንማ ትልቅ ልጅ ነው፣ ራሱን ይችላል" እንላለን። ቁመቱ እያታለለን ነው እንጂ፣ አስቀድሞ ለማቀድና ስሜትን ለመግታት የሚያግዘው የአንጎል ክፍል እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ እያደገ ነው። ክትትላችን መልኩን ይቀይራል እንጂ አይቀርም።

ሌላው የዚህ ተቃራኒ ነው፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ የቤት ሥራውን መሥራት። ሂልና ታይሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 በመካከለኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ከሃይስኩል በፊት ባለው) ተማሪዎች ላይ የተሠሩ 50 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው ነበር። ከጥሩ ውጤት ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው ወላጅ ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ ወደፊት ዕቅድ ከልጁ ጋር መነጋገሩ ነው። የቤት ሥራ ማገዝ ግን ከውጤት ጋር አብሮ አልሄደም።

ቀጣዩ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔም ብዙ ጊዜ የተሳሳትኩት እዚህ ጋ ነውና። ልጄ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ "ስንት አመጣሽ?" እላት ነበር። አንድ ቀን የሒሳብ ፈተናዋን አራት ቦታ አጥፋ መጽሐፍ ውስጥ ሸሽጋው አገኘሁ። አልተቆጣኋትም። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ኤክስ የተደረገባቸውን አንድ በአንድ አየናቸው፤ ሦስቱን ጭራሽ አታውቃቸውም፣ ሁለቱን እያወቀቻቸው የመቀነስ ምልክት ረስታ ነው፣ የመጨረሻዎቹን ደግሞ ሰዓት አልቆባት አልነካቻቸውም። ሦስቱም ምክንያቶች የተለያየ ችግር ናቸው፣ መፍትሔያቸውም ለየቅል ነው። "ሰነፍ" ብያት ቢሆን ኖሮ አንዱንም አላውቅም ነበር።

"የእነ እገሌን ልጅ አታይም?" ስለማለት ብዙ አልልም። ተዉት በቃ።

ትምህርት ቤት የምንሄደው ስንጠራ ብቻ ከሆነም ብዙ ጊዜ ረፍዷል። ሃይስኩል ውስጥ ለየትምህርቱ መምህሩ ሌላ ስለሆነ ልጁን ሙሉ ለሙሉ የሚያውቀው አንድ ሰው ላይኖር ይችላል። ዓመቱ ሲጀመር ሄዳችሁ ተዋወቁ። ስትሄዱ ግን ለልጁ ንገሩት፤ ከጀርባው የተዶለተበት ከመሰለው ሌላ ጊዜ ምንም አይነግራችሁም።

እንቅልፉን ለጥናት መሠዋትም ስህተት ነው። ከ13 እስከ 18 ዓመት ላሉ ልጆች የሚመከረው በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት የሚቆይ እንቅልፍ ነው። በጉርምስና የሰውነት ሰዓት ስለሚዘገይ ማታ ቶሎ እንቅልፍ አይወስዳቸውም፣ ጠዋት መነሳት ቢያቅታቸው ስንፍና አይደለም። ስልኩ ማታ ከመኝታ ክፍል ውጭ ይደር፣ የእናንተም አጠገቡ።